ክላክሱ ምን ይላል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በከተማችን መሐል ስለሚያልፈው አስፋልትና በላዩ ላይ በሳይክል ነጂዎችና በመኪና አሽከርካሪዎች መካከል ስላለው ጠብ ነው። ርእሱ ሲነገር ከመካከላችን፣ «ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ ብድር መነጋገር ሲገባን የሳይክልና የመኪና ነገር ምን አገባን?» ያሉ ነበሩ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን እዚያው ብድሩ ውስጥ አለ። ከቁጠባችን ተበድረው ሳይክል የገዙ አባላት አሉን። ሳይክሉ መኪና ሥር ሲገባ ብድሩ አብሮ አይገባም፤ ዋስ የሆኑት እህቶች ጋ ይቀራል። ልጁ እግሩ ሲሰበር ደግሞ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው ማን እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም። ያን ጊዜ ገበያ የምትቀረውም፣ ቁጠባ የምታቋርጠውም አንዲት ሴት ናት።

ለጋሾቻችን አገሩን ላታውቁት ትችላላችሁና ስለ መንገዱ ትንሽ እንበል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን የጣርማ በርን ዋሻ ያልፋል። ዋሻው ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ደብረ ሲናን፣ አርማኒያን እያለ ቁልቁል ወርዶ እኛ ጋ ሲደርስ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብርዱ ያልቃል፣ ጠመዝማዛው ያልቃል፣ ሜዳው ይጀምራል። መንገዱ ቀጥ ይላል። የይፋት ቆላ ይህ ነው፤ ሽንኩርቱም፣ ቲማቲሙም፣ ማሾውም፣ ማንጎውም ከዚሁ ይወጣል።

ይህ መንገድ ለአሽከርካሪው መተላለፊያ ነው፤ ለእኛ ግን የሰፈር መንገድ፣ ገበያ፣ የልጆች የትምህርት ቤት መንገድ፣ ወደ ማሳ መውጫና የግመል መሻገሪያም ጭምር ነው። ያለን አንድ ነው። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ የመጣብን በዚሁ መንገድ ነው፤ ከዚያም በኋላ እርዳታው፣ ዘሩ፣ ነጋዴው የተመለሰው በዚሁ ነው። መንገዱን መጥላት አንችልም፤ ያለ እሱ መኖርም አንችልም።

ሳይክል ለምን በዛ? አገሩ ሜዳ ስለሆነ፣ ሳር ስለማይበላ፣ ነዳጅ ስለማይጠይቅ ነው። ባጃጅ መኮናተር ያልቻለች እናት ልጇን በሳይክል ትልካለች። ከማሳ የተለቀመ ቲማቲም ፀሐይ ሳይበረታ ገበያ መድረስ አለበት፤ በእግር ከሆነ ግማሹ መንገድ ላይ ይለሰልሳል። ስለዚህ ልጁ ሳጥኑን ከኋላ ያስራል፣ አንዳንዱ ደግሞ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ይጭናል። ከኋላ ከባድ ነገር የተጫነበት ሳይክል የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይዋልላል፤ በተለይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ግራ ቀኝ ይላል። ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ይህን አይቶ «ይህ ልጅ ሰክሯል ወይስ ሊቀልድብኝ ነው?» ይላል። ልጁ አልሰከረም፤ ጭነቱ ነው የሚያወላውለው።

ይህን ጉዳይ ለማወቅ ሁለቱንም ወገን ጠይቀናል። ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ ሾፌሮቹ ሽንኩርት ሊገዙ እኛው ጋ ይቆማሉ። አንዱን የጭነት መኪና አሽከርካሪ ከእናቶቻችን አንዷ ጆንያውን እያሰረችለት፣ «ልጄ፣ እንዲያው ሳይክል ስታዩ ለምንድን ነው እንዲህ የምትጮኹባቸው?» አለችው። እሱም፣ «እናቴ፣ ከጣርማ በር ጀምሮ እግሬ ፍሬን ላይ ነው። ሜዳው ሲመጣ ተንፈስ እላለሁ። እዚህ ስደርስ ሳይክሉ መስታወት የለው፣ መብራት የለው፣ ወደ ኋላ አይቶ አያውቅ። ክላክስ የማደርገው እንዳልገድለው ነው፤ ‘አለሁ’ ማለቴ ነው» አላት።

ያንኑ ጥያቄ ለአንድ ሳይክል ነጂ ልጃችን አቀረብንለት። «ክላክሱ ‘ውረድ’ ነው የሚለኝ» አለ። «ወዴት ልውረድ? ግራዬ መኪናው ነው። ቀኜ የአስፋልቱ ጠርዝ ነው፤ ተሰብሮ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል። ጎማዬ ከወረደ ከነጭነቴ እወድቃለሁ፤ የምወድቀው ደግሞ ወደ መኪናው ነው። ደንግጬ ዞር ስል መሪው አብሮኝ ይዞራል።»

እንግዲህ ጠቡ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። አንድ ድምፅ ነው፤ ለአንዱ ማስጠንቀቂያ፣ ለሌላው ስድብ ነው። ሾፌሩ ደግ ነገር ያደረገ መስሎት ያልፋል፤ ልጁ የተዋረደ መስሎት ድንጋይ ያነሳል። ሁለቱም ግን የሚጣሉበትን ጠርዝ አልሠሩትም። አንድ ክንድ የምታህል ስፋት ያለው ደህና የመንገድ ዳር ቢኖር ኖሮ ክላክሱም ባላስፈለገ ነበር።

ይህን ስንል የሳይክል ነጂዎቹን ጥፋት ለመሸፈን አይደለም። በከባድ መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ መጎተት የወጣቶቹ ጨዋታ ሆኗል። በአንድ ሳይክል ሦስት ሆኖ መሄድ፣ በግራ በኩል ፊት ለፊት መምጣት፣ ከመሸ በኋላ ያለ መብራት መንዳት አለ። ፍሬኑ ተበጥሶ በጫማው ሶል የሚያቆምም አለ፤ ይህንንም እንደ ጀግንነት ይቆጥረዋል። ነገር ግን ጥፋት እኩል ሲሆን ቅጣቱ እኩል አይደለም። የመኪናው ቀለም ይጫራል፤ የልጁ ጭንቅላት ይፈነዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ እግረኞች፣ ሳይክል ነጂዎችና ሞተረኞች እንደሆኑ ይናገራል። እነዚህ ቆርቆሮ ያልሸፈናቸው ሰዎች ናቸው።

ፍጥነትን በሚመለከት አንድ ሒሳብ እናንሳ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል። በ80 የሚሄድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ ልጁን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ ቢያንስ ያችን አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ከያዘም፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መኪናው ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲፈጭ የመጣና የጋለ ፍሬን ደግሞ እንደ ቀዝቃዛው አይዝም። ስለዚህ ሾፌሩ በከተማችን መግቢያ ላይ ፍጥነቱን እንዲቀንስ የምንጠይቀው ልጆቻችን እንዲከበሩ ብቻ ብለን አይደለም። «አለሁ» ብሎ ክላክስ ማድረግ ቦታ ካልቀረለት መኪና አያቆምም።

እዚህ ላይ ከመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶች፣ «ሾፌሮቹን ካስቀየምን አይቆሙልንም፤ የምንሸጠው ለማን ነው?» ብለዋል። እውነት ነው፤ አውቶቡሱም፣ አባዱላውም፣ አይሱዙውም ደንበኛችን ነው። እሁድ የሰንበቴ ገበያ ሲውል ደግሞ መንገዱ ላይ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሸራችን አስፋልቱ ዳር የተነጠፈው ገዢው መኪና ውስጥ ስለተቀመጠ ነው። መኪናው ድንገት ዳር ሲይዝ፣ ረዳቱ በሩን ከፍቶ ሲዘል፣ ከኋላ የነበረው ሳይክል ወደ መሐል ይወጣል። መሐል ላይ ደግሞ ሌላ መኪና አለ። ብዙ ተናግረን የተስማማነው፣ ሸራችን ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እንዲሆንና መኪና የሚቆምበት ቦታ በድንጋይ ተለይቶ እንዲታወቅ ነው። ገበያው አይርቅም፤ ልጁ ግን ማለፊያ ያገኛል። ሁለት ሳምንት ሞክረነዋል፤ ሽያጩ አልቀነሰም። ሾፌሮቹም ቦታውን ለምደውታል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ነገር መነሣት ከጀመረ ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ዋና ዋና መንገዶች በተወሰኑ እሁዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለሳይክል ተለቀው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ለሳይክል የተለየ መስመር ይዞ መጣ። ደስ ይላል። እኛ ግን የምንለው መንገድ የሚሰፋው በዋና ከተማ ብቻ እንዳይሆን ነው። ሳይክል በቆላ ከተሞች የመዝናኛ ሳይሆን የእንጀራ ነገር ነው።

ከባሕር ማዶም አንድ ነገር ልናካፍላችሁ እንወዳለን፤ የሴቶች ታሪክ ስለሆነ። ሆላንድ ዛሬ የሳይክል አገር ትባላለች። ሁልጊዜ እንዲያ አልነበረችም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 በዚያች ትንሽ አገር ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል፤ ከእነዚህም ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አንድ ጋዜጠኛ «የልጆች ግድያ ይቁም» ብሎ ጻፈ። በዚያ ስም ማኅበር ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ወጣት እናት ነበረች። ወላጆች ከነልጆቻቸው ወጥተው መንገድ ላይ ተቀመጡ፤ ሰፈር ዘግተው ልጆች እንዲጫወቱበት አደረጉ። ሾፌሮች ተቆጡ፣ እነሱ አልተነሡም። በኋላ መንግሥት ሰማቸው፤ የሳይክል መንገድም ተሠራ። እኛ ዋናውን መንገድ እንዝጋ አላልንም፤ እህልና መድኃኒት የሚገባበት ነው። ግን የሳይክል መንገድ ከሰማይ እንዳልወረደላቸው፣ እናቶች ጠይቀው እንዳመጡት ማወቁ ደግ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡን። በእኛ አገር የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ ማንኛውም ተሽከርካሪ መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያዝዛል። በመኪና የተጎዳ ሰው፣ ሳይክል ነጂም ሆነ እግረኛ፣ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ይኸው አዋጅ ደንግጓል። ገጭቶ ላመለጠ መኪና እንኳ የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ የተጎዳውን ልጅ ደረት እያስደቃ ገንዘብ ሲለምን ጊዜው ያልፋል።

በአንድ እህታችን ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። ልጇ በአንድ የጭነት መኪና ተገጭቶ ክንዱ ተሰበረ። በማግሥቱ ሽማግሌዎች መጡ፤ ቡና ተፈላ፣ «ልጁ ተርፏል፣ እግዜር ይመስገን፣ ተዉት» ተባለ። ጥቂት ብር ተሰጠ፤ ወረቀት ተፈረመ። እናቲቱ ቡናውን ስታፈላ ነበር፤ የጠየቃት የለም። ክንዱ ግን ተጣሞ ዳነ፤ ዳግመኛ ለመታከም ገንዘብም፣ የፖሊስ ማስረጃም አልነበረም። ሽምግልናን አንነቅፍም፤ ደም ያደርቃል፣ ጎረቤት ያስታርቃል። ነገር ግን ከሽምግልናው በፊት ትራፊክ ፖሊስ ቦታውን አይቶ ይመዝግብ። ታርጋው ይጻፍ። የሐኪም ወረቀት ይያዝ። ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ደግሞ ልጁን የምታስታምመው ሴት ቃል ይሰማ። ማኅበራችን ከዚህ በኋላ ይህ ሲደርስ ሁለት አባላት ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንዲሄዱ ወስኗል።

ስለ ሴት ልጆቻችንም አንድ ነገር። ከርቀት የሚማሩ ጥቂት ልጃገረዶች ሳይክል ጀምረዋል። ወንዱን «ዳር ያዝ» የሚለው ሾፌር፣ ሴቷን ሲያይ መስኮት አውርዶ ሌላ ነገር ይናገራል። ከሰፈርም «ሴት ልጅ ኮርቻ ላይ?» የሚል አይጠፋም። ሁለቱ ተደራርበው አንዷ ልጅ ሳይክሏን ለወንድሟ ሰጥታ እንደገና በእግር መሄድ ጀምራለች። አንድ ሰዓት ተኩል ትሄዳለች። ብድሩን የምትከፍለው እናቷ ናት፤ ሳይክሉን የሚነዳው ሌላ። ይህ ለእኛ ከተሰበረው ጠርዝ ያላነሰ ጉዳይ ነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ከአባቶች ጋር እንድንነጋገርበት ቀጠሮ ይዘናል።

ከተማ አስተዳደሩን በጽሑፍ የጠየቅነው ጥቂት ነገር ነው። በትምህርት ቤቱና በገበያው ፊት የፍጥነት መቀነሻ እንዲደረግ፣ የተሰበረው ጠርዝ በጠጠር ተደልድሎ ከአስፋልቱ ጋር እንዲስተካከል፣ በከተማው ሁለት መግቢያ ለአሽከርካሪው በግልጽ የሚታይ ምልክት እንዲቆም። ለጋሾቻችን ደግሞ በዚህ ዓመት በሰጣችሁን ገንዘብ የተገዛው አንጸባራቂና የኋላ መብራት ደርሶናል፤ እጅግ እናመሰግናለን። ከተረፈው የፍሬን ሽቦ እንገዛለን፤ ሒሳቡ በጸሐፊዋ እጅ ስላለ ማየት የሚፈልግ ሁሉ ማየት ይችላል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ በማኅበሩ ግቢ ሳይክል ጠጋኝ ይኖረናል። ከቁጠባው በተገኘ ብድር የተገዛ ሳይክል ሁሉ ይምጣ። አንጸባራቂው የሚታሰረው ከጭነቱ በታች ስለሆነ የምትጭኑበትን ሳጥን ወይም ጆንያ ይዛችሁ ኑ። ፍሬን የሌለው ሳይክል ግን ተገፍቶ ይምጣ እንጂ እባካችሁ ተነድቶ አይምጣ።