ቀበና ውስጥ መዋኘት ይቻላል ወይ?
(በተመራቂዎች የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው አሥር ደቂቃ ሰጥቶኛል። የዘንድሮውን የቤተሰብ ሽርሽር ቀበና ወንዝ ዳር ካሉት መናፈሻዎች በአንዱ እናድርገው የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ ከመካከላችን አንዷ «ልጆቹ ውኃው ውስጥ ቢገቡስ?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። የካ ተወልጄ ማደጌን ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ ምሳ መብላት ይቻላል፣ መዋኘት አይቻልም። የቀሩት ደቂቃዎች ለረጅሙ መልስ ናቸው።

ቀበና ከእንጦጦ ነው የሚነሣው። ከተራራው በሰፈሮቻችን መሐል ቁልቁል ወርዶ ታላቁ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። አጎቴ ዋና የለመደው እዚሁ ቀበና ነው። ልብስ የሚያጥቡ እናቶች ከላይ፣ የሚዋኙ ልጆች ከታች እንደነበሩ፣ ከዋና በኋላ ድንጋይ ላይ ተሰጥተው በቆሎ እየበሉ ፀሐይ ይሞቁ እንደነበር እየደጋገመ ያወራልን ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን ወንዝ ዳር መታየት ራሱ ያስገርፍ ነበር። በአጎቴና በእኔ መካከል ያለው ሃያ አምስት ዓመት ቢሆን ነው።

ምን ተፈጠረ ቢባል፣ ምርመራው ከባድ አይደለም። ከተማው አደገ፣ የፍሳሽ መስመሩ አልተከተለውም። የመጸዳጃ ቤቱም፣ የጋራዡም፣ የልብስ እጥበቱም ፍሳሽ ቀላሉን መንገድ ያዘ። ቁልቁለት ላይ ለተሠራ ከተማ ደግሞ ቀላሉ መንገድ ወንዝ ነው። በ2008 ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባ እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ተረኛ ነበርን። ሂስትሪ ስንወስድ «የምትጠጡት ውኃ ከየት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደጠየቅን የምታስታውሱት ይመስለኛል።

በ2011 የሸገር ወንዞች ዳርቻ ፕሮጀክት ሲጀመር የተነገረው 56 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 29 ቢሊዮን ብር ነበር። ለአንድ ማዕድ 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበትን እራትም አትረሱትም። በ2013 የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። እኔ በእነዚህ ሥራዎች ከሚያሾፉት ወገን አይደለሁም፤ ጠዋት ጠዋት የምራመደው እዚያው ነው፣ የደም ግፊት ያለባቸውን ታካሚዎቼንም እልካለሁ። ግን ዳርቻው ሲያምር ውኃውም የጸዳ ይመስላል። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ሣሩንና አበባውን አይቶ ወንዙን እንዲጠራጠር እንዴት ትጠብቁታላችሁ? ቃሊቲ ያለው ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበል ሆኖ ተስፋፍቷል፤ ይህ ከአበባው በላይ ያስደስተኛል። ሆኖም ቤቱ ከመስመሩ ካልተገናኘ ማጣሪያው ምን ያደርጋል? ለቤት ለቤት ቱቦ ደግሞ ሪባን የሚቆርጥ የለም።

ብልሃርዝያስ ለምትሉ፦ እሱ በአብዛኛው ከእኛ ከፍታ በታች ያለ ችግር ነው። የቀበና ጣጣ ዓይነ ምድር ነው፤ ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ሄፓታይተስ ኤ። የአውሮፓ ኅብረት የወንዝ ወይም የሐይቅ መዋኛን «እጅግ ጥሩ» ለማለት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ኢ. ኮላይ ከ500 እንዳይበልጥ ይጠይቃል። አንድ ግራም ዓይነ ምድር ብቻውን ሚሊዮኖችን እንደሚይዝ ለዚህ ጉባኤ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ታዲያ ለምን መዋኛ መዋኛ ትያለሽ፣ ይቅርብና ትሉኝ ይሆናል። ልጆች ስለማይተዉት ነው! በየክረምቱ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ ውኃ ሲያቁር ሊዋኙ ገብተው የሚቀሩ ልጆችን ዜና እንሰማለን። ጉድጓዱ ድንገት ይጠልቃል፣ ውኃው ድፍርስ ነው፣ ልጁ ዋና አልተማረም፣ አብሮት ያለውም አልተማረም። ድንገተኛ ክፍል የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ እናትየው ጫማውን ይዛ ነው የምትመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 300 ሺህ ያህል ሰው ሰጥሞ እንደሞተ ገምቷል። ለእኔ ጥልቀቱ የታወቀ፣ ውኃው የተመረመረ፣ ጠባቂ ያለው ትንሽ የወንዝ ዳር መዋኛ እንደ ክትባት የሚቆጠር ነገር ነው።

ደግሞም የማይሆን ነገር አይደለም። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1923 በሴን ወንዝ መዋኘትን ከለከለች፤ ለሕዝብ መልሳ የከፈተችው በሐምሌ 2025 ነው። 1.4 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ወጥቶበታል፣ አብዛኛው ከመሬት በታች። ዛሬም ከባድ ዝናብ ሲጥል ይዘጋል።

የእኛ ዩኒቨርሲቲስ? አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ፤ ምርምሩም ከዚያ ተነሣ። ዛሬ በስሙ የሚጠራ ኢንስቲትዩት አለን። ወንዝ ዳር ወርዶ ማየት ለቤታችን አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ያህል ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ሽርሽሩ ይደረግ፤ ምግቡን ከቤት፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ በጀሪካን እንያዝ፣ ልጆች ከአጥሩ አይለፉ። ከዚያ ለአንድ ዓመት፣ በወር አንዴ፣ ከሦስት ቦታ ናሙና እንውሰድ፦ እንጦጦ ላይ ከመጨረሻው ቤት በላይ፣ ቀበና ድልድይ አጠገብ፣ ከመናፈሻው በታች። የላይኛው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ እዚያው ከፍ ብሎ አንድ ትንሽ የልጆች መዋኛ እንዲከለል ለክፍለ ከተማው በቁጥር የተደገፈ ደብዳቤ እንጽፋለን። ብርዱን አውቃለሁ፣ የእንጦጦ ውኃ አጥንት ይሰብራል፤ የሳንባ ሐኪሞች ከወዲሁ አትቃወሙኝ።

የማይክሮባዮሎጂ መምህራኖቻችን ላቦራቶሪ ውስጥ ቦታ ቢፈቅዱልን የሚጎድለን መኪናና ሰው ብቻ ነው። የስም መመዝገቢያው ወረቀት ሻይ ጠረጴዛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ናሙና ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት፤ ቦቲ ጫማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።