ከራኩባ ሥር የወጣችው ሞተር
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ «ስለ ሞተሯ ትንሽ ንገሩን» ሲለን መጀመሪያ አቅማምተን ነበር። የማኅበሩን ታሪክ የሚያውቁ ታላላቆች ባሉበት ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል ምን ይወራል አልን። ነገር ግን ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ በሩ አጠገብ ያቆምናትን ቀይ ሞተር ከበው ጥያቄ ስላበዙብን፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መመለስ ይሻላል ብለን ቀረብን። እኛ ሦስት ነን። አንዳችን ወፍጮ ቤት እንሠራለን፣ አንዳችን ሪክሻ እንጠግናለን፣ አንዳችን እናስተምራለን።

ኡም ጋርጉር እ.ኤ.አ. በ1976 ሲቆረቆር ሰው የመጣው መሸከም የቻለውን ብቻ ይዞ ነው። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ዕቃ ይጠገናል እንጂ አይጣልም። ይህቺ ሞተር ግን ለብዙ ዓመታት ተረስታ ኖራለች። ሆንዳ ሲቢአር 600 ኤፍ ትባላለች፤ ፋብሪካው ይህን ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። አራት ሲሊንደር አላት፤ በውኃ የምትቀዘቅዝ የስፖርት ሞተር ናት። የጎረቤታችን ልጅ ጅዳ ሠርቶ ሲመለስ በፖርት ሱዳን በኩል አስገባት። ጥቂት ነድቷት እንደገና ወጣ፤ አልተመለሰም። እናቱ ራኩባ ሥር አቆሟት። ዶሮዎች መቀመጫዋ ሥር እንቁላል ጣሉባት፣ አይጥ ሽቦዋን በላ፣ ሃቡብ በአፈር ሸፈናት።

አንድ ቀን ሞተሯን ነቅሎ ለውኃ መሳቢያ ሊያደርጋት የፈለገ ገዢ መጣ። ልጁም በስልክ «ሽጪው እማ» አለ። እናታችን ግን እኛን አስጠሩንና «ልጆቼ፣ ሬሳ አልሸጥም። መጀመሪያ ነፍስ ካላት እዩልኝ» አሉን። የሥራችን መነሻ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርታችን አለመቸኮል ነበር። ብዙ ሰው የቆመ ሞተር ሲያገኝ ወዲያው ባትሪ አስሮ ለማስነሳት ይሞክራል። በሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት ካለ ያን ጊዜ ይፋቃል። እኛ አራቱንም ካንዴላ ፈትተን በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጨመርን፤ ሁለት ቀን አሳደርነው። ከዚያ በመሐል እግሯ አቁመን፣ ስድስተኛ ማርሽ አስገብተን የኋላውን ጎማ በእጃችን ቀስ ብለን አዞርነው። ፒስተኖቹ ሲንቀሳቀሱ ሦስታችንም ተያየን። ነፍስ አላት!

የቤንዚን ታንኩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሙጫ ሆኗል፤ ብረቱም ዝጓል። ኮምጣጤ ሞልተን አሳደርነው፣ ትናንሽ ብሎኖች ጨምረን አናወጥነው፣ በሶዳ ውኃ አጥበን ወዲያው በፀሐይ አደረቅነው። እዚህ ፀሐይ አናጣም።

ካርቡራተሮቹ አራት ናቸው። የአንዱ ዕቃ ከሌላው እንዳይቀላቀል እናታችን አራት ሳህን ሰጡን፤ ለአንድ ካርቡራተር አንድ ሳህን። ጠባቦቹን ቀዳዳዎች በመርፌ አልነካንም፤ ብረት ቀዳዳውን ካሰፋው ሞተሩ ቤንዚን ያበዛል። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዝዘን በእርሷ አጸዳን። አራቱ እኩል እንዲስቡ የሚለካ መሣሪያ ስለሌለን ዘይት ያለበት የሚያሳይ ቱቦ ሁለት ሁለት እያደረግን አገናኘን። ዘይቱ ወደ አንዱ ከተሳበ ያኛው በርትቷል ማለት ነው፤ እኩል ሲቆም ተስተካከለ።

በፀሐይ የተሰነጠቀውን የፕላስቲክ ልብሷን ደግሞ በጋለ ምስማር በስተን በመዳብ ሽቦ ሰፋነው። እናቶቻችን ቅል የሚሰፉት እንደዚሁ ነው፤ ያስተማሩንም እነርሱ ናቸው።

ጥፋታችንንም አንደብቅም። ለራዲያተሩ ስንቸኩል አንድ የብረት ብሎን አሉሚኒየሙ ውስጥ ሰበርን። በናፍጣ እያራስን፣ እያሞቅን፣ ለማውጣት አንድ ሳምንት ፈጀብን። አምስት ደቂቃ ብንታገሥ ኖሮ አይሰበርም ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለውን እንቁላል ከተጣለባት ሞተር ተማርነው።

ሌላው ችግር ዕቃ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ከካርቱም ያዘዝነው ጎሚኒ መንገድ ላይ ቀረ። በዚያ ጊዜ ሰው ሕይወቱን ይዞ ወደ ገዳሪፍ ሲሸሽ ስለ ጎሚኒ መጠየቅም አሳፈረን። ሞተሯን ሸፍነን ለወራት ተውናት።

የተነሣችው አንድ አመሻሽ ላይ ነው። እናታችን ቡና ይቆሉ ነበር፤ ድምፁን ሲሰሙ ምጣዱን አወረዱ። እልል ይላሉ ብለን ስንጠብቅ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ደወሉና ከጭስ ማውጫው አጠገብ ያዙት። ልጁ ብዙ ጊዜ አልተናገረም። በመጨረሻ «አራቱም ይሠራሉ?» ብሎ ጠየቀ። አራቱም ይሠራሉ አልነው። «እንግዲያው አትሽጪው እማ» አለ።

አሁን ልጆቹ ደጋግመው ወደጠየቁን እንምጣ። «ለምን ገፍታችሁ አመጣችኋት? ለምን አልነዳችኋትም?» ብላችኋል።

ሞተሯ ትሠራለች፤ ፍሬኗ ግን አልተፈቀደላትም። የፍሬን ዘይት ከዓመታት ብዛት እርጥበት ስቦ ፒስተኖቹን አጣብቋል። አጸዳናቸው፤ አዲስ ጎሚኒ ግን አላገኘንም። አንድ ወዳጃችን ከከመነዳሪ ቆርጣችሁ ሥሩ አለን፤ ሌላው የሞተር ዘይት ይበቃል አለ። የሞተር ዘይት የፍሬን ጎሚኒን ያሳብጠዋል፤ ከመነዳሪ የተቆረጠውም ጭንቅ ሲመጣ አይታመንም። ጎማዎቿም ጥርሳቸው ያላለቀ ቢመስልም አርጅተው ደርቀዋል። ጎማ ላይ የተጻፉትን አራት ቁጥሮች ተመልከቱ፤ 3208 ቢል በ2008 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር እኛም ለዛሬ ቀን ነድተናት ለመግባት ጓጉተን ነበር። ከእኛ አንዱ «እስከ አዳራሹ ድረስ ብቻ፣ በቀስታ» ብሎ ነበር። እናታችን ሰምተው «አንድ ልጄ ርቆብኛል፤ ፍሬን በሌለው ነገር ሌላ ልጅ አልልክም» አሉ። እኛም ገፍተን አመጣናት፤ አላፈርንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናለን። በውጭ ያላችሁ ቤተሰቦች ለፍሬኗ ጎሚኒና ዶት 4 የፍሬን ዘይት ብትልኩልን ለኮሚቴው አድርሱልን። ወላጆች ደግሞ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጆቻችሁን ወደ ራኩባው ላኩልን። ሴት ልጆችንም ጭምር። ብሎን መፍታት፣ የተፈታውን በየሳህኑ ማስቀመጥ፣ «ገና ነው» ማለትን አብረን እንለማመዳለን።

በሚቀጥለው በዓል ሞተሯ በራሷ ትመጣለች። ነጂው የራስ ቁር ያደርጋል፤ እናታችንም ፍሬኑን ራሳቸው ይፈትናሉ።