ብስክሌትና ጋቢ
(በእድራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ወደ መዋጮው ከመግባታችን በፊት ስለ ብስክሌት ጥቂት እንናገራለን። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። የጧቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ስለዚህ ጋቢያችንን እንደ ለበስን ብስክሌት ላይ እንወጣለን። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ አባላችን ወደ ሥራ ሲወርድ የጋቢው ጫፍ የኋላ ጎማው ሽቦ ላይ ተጠመጠመና መንገድ መሐል ጣለው። ከኋላ የነበረው መኪና ባይቆም ኖሮ ድንኳን ተክለን ነበር። እኛም ብንሆን ሱሪያችንን ካቴና ቦጭቆት ስብሰባ የገባንበትን ቀን ታስታውሳላችሁ፤ ስቃችሁብናል።

ታዲያ እንዲህ እናድርግ፦

ጋቢው ታጥፎ ከኋላ መጫኛው ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። በምትኩ ሹራብ፣ ኮትና የእጅ ጓንት ይለበስ። ካቴናው በቀኝ በኩል ስለሆነ የቀኙ ሱሪ እግር በገመድ ይታሰር። ዝናብ የመታው ፍሬን ቶሎ አይዝም፤ ቁልቁለት ከመድረሳችን በፊት ቀስ እንበል። የፊቱን ፍሬን ብቻ ጭምቅ ማድረግ ግን በአፍ ጢም ይደፋል።

እድራችን ለቀብር ይደርሳል፤ ከመውደቅ የሚያድነን ግን የራሳችን ጥንቃቄ ነው።

የእድሩ ጸሐፊ