የመድኃኒት ቤት ኀላፊና የዘማቾች አደራ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ብዙ ስለማይነገርለት አንድ ሥራ ነው። ሐኪም በሽተኛውን ቢያድን ይመሰገናል፤ ቀዶ ጠጋኝ ጥይት ቢያወጣ ስሙ በየቤቱ ይነሣል። በመድኃኒት ቤት ተቀምጦ መዝገብ የሚያገላብጠውን፣ ብልቃጥ የሚቈጥረውንና የበታቾቹን ሥራ የሚመረምረውን ኀላፊ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ነገር ግን ሐኪሙ መርምሮ ያዘዘው ሁሉ ፍሬ የሚያፈራው በዚህ ሰው እጅ አልፎ ነው። ይልቁንም ለአገሩ ዘምቶ፣ ቈስሎና አርጅቶ የተመለሰ ወታደር በሚታከምበት ሆስፒታል የዚህ ኀላፊ ሥራ ከባድ አደራ መሆኑን ላስረዳ እወዳለሁ።

ምሳሌዬን የምወስደው ከሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ነው። ይህ አገር ብዙ ዘማች ያወጣ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚህም በላይ የሰው ልጅ በእውቀቱ የቀመመው ነገር ለጥፋት ሲውል ምን እንደሚያደርግ በገዛ ሥጋው ያየ አገር ነው።

ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ የሸዋ አርበኞች፣ ኋላ ራስ የተባሉት አበበ አረጋይ ከመሯቸው ጋር ሆነው፣ በእነዚህ ገደላ ገደሎች አምስት ዓመት ሙሉ ተዋግተዋል። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. በመንዝ ውስጥ ዘረት በሚባለው ስፍራ፣ አመፀኛ ዋሻ በሚሉት ዋሻ፣ አርበኞች ከቁስለኞቻቸውና ከቤተ ሰባቸው ጋር ተጠልለው ሳሉ የኢጣልያ ጦር ከበባቸው። በጠመንጃ ማስወጣት ባቃተውም ጊዜ ኢፕሪት የሚባለውን የሰናፍጭ ጋዝ ላከባቸው። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች አለቁ፤ እጃቸውን ከሰጡትም ብዙዎቹ ወንዶች ተረሸኑ። ይህ መርዝ በጦርነት እንዳይሠራበት በሰኔ 1917 ዓ.ም. በጄኔቭ ውል ተደርጎ ነበር፤ ኢጣልያም ውሉን ፈርማ አጽድቃው ነበር። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጣሉን ያመነው ከብዙ ዘመን በኋላ በ1988 ዓ.ም. ነው።

አሁን ነገሩ ወደ መድኃኒት ቤት ይመራናል። የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ሳንባን ይልጣል። ወደ ሰውነትም ሲዘልቅ በአጥንት መቅን ውስጥ ደም የሚሠራበትን ስፍራ ይገድላል። ይህን የመጨረሻውን ጠባይ ያስተዋሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት፣ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን፣ እ.ኤ.አ. በ1942 በዬል ዩኒቨርሲቲ የዚሁ ጋዝ ዘመድ የሆነውን የናይትሮጅን ሰናፍጭ በጥቂቱ ለክተው የንፍፊት ነቀርሳ ለያዘው ሕመምተኛ እንዲሰጥ አደረጉ፤ እባጩም ለጊዜው ቀለጠ። ሥራው በጦርነቱ ምክንያት በምስጢር ተይዞ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1946 ታተመ። ከዚያ ዘር የተወለደው ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው መድኃኒት ዛሬ በአገራችንም ለነቀርሳ ሕክምና ይሰጣል። እንግዲህ በዘረት ዋሻ ሕፃንና ሽማግሌ የፈጀው መርዝ ዘመዱ በሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሰው ያድናል ማለት ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር በቋንቋቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። «መድኃኒት» የሚለው ቃል ከመዳን የመጣ ነው፤ «እገሌን መድኃኒት አበሉት» ሲባል ግን ገደሉት ማለት ነው። ኮሶም እንደዚሁ ነው፤ በልኩ ቢጠጡት ያሽራል፣ ልኩ ቢያልፍ ሰው ይጥላል። ስለዚህ በመርዝና በመድኃኒት መካከል ያለው ልዩነት መጠኑ፣ ጊዜው፣ የሚወስደው ሰውና የሚጠብቀው ሰው ነው። እንዲጠብቅ የተሾመውም የመድኃኒት ቤቱ ኀላፊ ነው። ተግባሩንም በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ፤ መጠበቅ፣ መመርመርና ማስረዳት ናቸው።

የመጀመሪያው መጠበቅ ነው። መድኃኒቱ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 መመዝገብ እንዳለበት እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ታውቃላችሁ። በመድኃኒት ቤት ግን የመዝገብ ስሕተት የሒሳብ ጉድለት ሆኖ ብቻ አይቀርም። በጦር ሜዳ ጭንቅላቱን በፍንጣሪ ተመትቶ የሚጥል በሽታ የያዘው አንድ የቀድሞ ወታደር አለ እንበል። በየቀኑ ፊኖባርቢታል እየዋጠ በሰላም ያርሳል፣ ልጆቹንም ያሳድጋል። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከቀድሞው ብሶ ሊነሣና ሳያባራ ሊደጋገም፣ እስከ ሞትም ሊያደርስ ይችላል። በካርዱ ላይ መቶ እሽግ አለ ተብሎ ተጽፎ በመደርደሪያው ላይ አሥር ብቻ ቢገኝ፣ የጐደለው ዘጠና እሽግ የዚያ ሰው ዕድሜ ነው። ኀላፊው በየጊዜው በእጁ እየቈጠረ ከካርዱ ጋር የሚያስተያየው፣ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ሳለ የሚያዝዘው፣ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈውንም ቀድሞ የሚያወጣው ስለዚህ ነው።

ሞርፊንና ፔቲዲን የመሳሰሉት ብርቱ ማስታገሻዎች ደግሞ በተለየ ማዘዣ የሚታዘዙ፣ በተቈለፈ ሣጥን የሚጠበቁ ናቸው። ቁልፉ የሚሰጠው ለታመነ ሰው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የተቈረጠ እግር የሚያንገበግበውን ሰው እንቅልፍ ያስወስዳሉ፤ ከቁጥጥር ቢወጡ ግን ያንኑ ሰው ባሪያ ያደርጉታል።

የአገሩ አየርም ጥበቃ ይጠይቃል። የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው ኢንሱሊን ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በቈላ የሚፈራው ሙቀት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር በሚያልፈው በመንዝ ደጋ ግን የሌሊቱ ውርጭም ያሠጋል። ኢንሱሊን በረዶ ከያዘው ኀይሉ ይጠፋል፤ ቀልጦ መልኩ ቢመለስ እንኳ አይረባም። ከደጋው ወርዶ ገደሉን ለሚሻገር መንገደኛ ደግሞ ሙቀቱን ማሰብ ያስፈልጋል። ይህን የሚያስብ ኀላፊ ለሕመምተኛው ብልቃጡን ሲሰጥ ቤቱ ወዴት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል።

የመንዝ ሰዎች የጋራ ንብረት መጠበቅን ከማንም አይማሩም። የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ከልለው፣ ጊዜው ደርሶ ሲፈቀድ ብቻ ያጭዱ ነበር፤ ጠባቂውም ለዘመዱ አያዳላም ነበር። የሆስፒታል መድኃኒትም እንዲህ ያለ የጋራ ክልል ነው።

ሁለተኛው ተግባር መመርመር ነው። ኀላፊው ከሥሩ ያሉት ባለሙያዎች ያወጡትን መድኃኒት ከማዘዣው ጋር ያስተያያል። ጡረተኛ ወታደር ብዙ ጊዜ ሕመሙ አንድ አይደለም። የደም ግፊት አለበት፤ የድሮ ቁስሉም በክረምት ይጠዘጥዘዋል። አንዱ ሐኪም ለግፊቱ ያዝዝለታል፤ ለቁስሉ ደግሞ ከሱቅ ዲክሎፌናክ ገዝቶ ይውጣል። ይህ ማስታገሻ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራን ያቈስላል፣ በሽማግሌ ላይም ኩላሊትን ይጐዳል። ሁለቱን በአንድነት የሚያየው ሰው በመስኮቱ ላይ ያለው ባለሙያ ነው፤ እርሱም «ሌላ የሚወስዱት ምን አለ?» ብሎ ከጠየቀ ብቻ ነው። ሕመምተኛው ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲላክ አንዱ መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም ይታዘዝለትና ሁለቱንም ሊውጥ ይችላል። ስለዚህ ትጉህ ኀላፊ የመድኃኒቱ ዋና ስም እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ማዘዣውም የማይነበብ ቢሆን በግምት አይሰጥም፣ ወደ ሐኪሙ ይመልሰዋል። ወጣቱ ባለሙያ ሲሳሳት ደግሞ በሕመምተኛው ፊት አያዋርደውም። የተዋረደ ሠራተኛ ስሕተቱን መደበቅ ይማራል፤ የተደበቀ ስሕተትም ሰው ይገድላል።

ሦስተኛው ማስረዳት ነው። አንድ ባናውን የደረበ አዛውንት ዘማች የግፊት መድኃኒት ሊቀበል መጥቷል እንበል። ያለፈው ወር ክኒን ግማሹ ተርፎታል። ኀላፊዋ ምክንያቱን ስትጠይቀው፣ «ልጄ፣ ራሴን ሲያመኝ እውጠዋለሁ፤ ሳያመኝ ስለ ምን እፈጀዋለሁ?» ይላታል።

«አባቴ፣ እርስዎ ዘብ ቆመው ያውቃሉ?»

«እንዴታ!»

«ዘብ የሚቆመው ጠላት ሲመጣ ብቻ ነው?»

«ጠላት ከገባማ በኋላ ዘብ ምን ይረባል?»

«ይህም ክኒን ዘብ ነው፤ ሕመሙ ሳይሰማዎ በየቀኑ መቆም አለበት» ትለዋለች። ሽማግሌው ይህን ቃል አይረሳውም።

የጾም ነገርም አለ። የአገሩ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ መድኃኒት «ሦስት ጊዜ» ተብሎ ብቻ ቢሰጠው የማለዳውን ይተወዋል፣ ተወው ብሎም አይናገርም። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ብዙ ዓይነት መድኃኒት ሐኪሙ ሲፈቅድ ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን በባዶ ሆዱ ቢውል ሊወድቅ፣ መርፌውንም ቢተው ሊታመም ይችላልና ከሐኪሙ ሳይመክር መጾም አይገባውም። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም እንደማታስገድድ የነፍስ አባቱ ይነግሩታል። ይህን ሳያፍር እንዲጠይቅ የሚያደርገው የባለሙያው ፊት ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህ ሁሉ እናንተን በየጽሕፈት ቤቱ የምትሠሩትን ይነካል። መድኃኒት ለሆስፒታል የሚደርሰው በብዙ ጠረጴዛ ላይ አልፎ ነው። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 553 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ የተቋቋመው፣ ዛሬም የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚባለው፣ መድኃኒት ወደየአገሩ እንዲዳረስ ነው። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የተስፋፋው አሠራርም የመድኃኒቱን ገቢና ወጪ በሒሳብ አስይዞ በኦዲት እንዲመረመር ያደርጋል። አዋጅና ሥርዓት ግን በራሳቸው አይራመዱም። አንድ የግዥ ጥያቄ ፊርማ አጥቶ በአንድ መሳቢያ ሦስት ሳምንት ቢተኛ፣ ፈራሚው ያዘገየው ወረቀት ይመስለዋል፤ በመንዝ ደጋ ግን ያ ሰው መድኃኒቱ አልቆበት ሌሊት በእሳት አጠገብ ሊወድቅ ይችላል። እንዲሁም ከሆስፒታል መጋዘን አንዲት ካርቶን አስወጥቶ የሚሸጥ ሰው የመንግሥት ዕቃ ሰረቅሁ ብሎ ራሱን ቢያታልል፣ በእውነቱ የሰረቀው ከቁስለኛ አፍ ነው።

በዘረት ዋሻ ቁስለኞች የሞቱት መድኃኒት ሊደርሳቸው በሚገባ ሰዓት መርዝ ደርሷቸው ነው። ያን የፈጸመው ጠላት ነበር። ዛሬ በእኛ ዘመን፣ በእኛው መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ አንድ ዘማች በመዝገብ ስሕተት፣ በዘገየ ፊርማ ወይም ባልተነገረ አንድ ቃል ቢጎዳ ግን የምናመካኝበት ጠላት የለንም። ስለዚህ በየሆስፒታሉ ቁልፍ ይዘው፣ እየቈጠሩና እየመረመሩ የሚያድሩትን የመድኃኒት ቤት ኀላፊዎች እናክብር፤ የሚጠይቁን ወረቀትም ሲመጣ በዚያው ቀን እናንሣው።