ከጎግ ተነሥቶ ኢኮኖሚክስን መማር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበሩ በኢኮኖሚክስ ለሁለተኛ ዲግሪ ስለሚዘጋጁ ተማሪዎች እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት እምቢ ለማለት ነበር። ምክንያቱም በዚሁ ትምህርት በመጀመሪያው ሙከራዬ የወደቅሁ ሰው ነኝ። የማኅበሩ ጸሐፊ ግን «እንግዲያውስ ስለ መውደቅዎ ይንገሩን» ስላለኝ መከራከሪያ አጥቼ መጥቻለሁ።

የተወለድሁት በጋምቤላ ክልል በጎግ ወረዳ ነው። የወረዳው ከተማ ፑኝዶ ይባላል፤ የጊሎ ወንዝም በአገራችን ያልፋል። እናቴ እንደ ሌሎቹ የአኝዋ ገበሬዎች በክረምት ማሽላና በቆሎ ትዘራለች፤ ወንዙ በጎደለ ጊዜም እርጥበቱ ሳይጠፋ በዳርቻው ላይ ሁለተኛ ትዘራለች። አንዱን ማሳ ስታርም ቆይታ «ከእንግዲህ እዚህ ቀን ባጠፋ የማገኘው ጥቂት ነው» ብላ ወደ ሌላው የምትሻገርበት ቀን ነበራት። ይህ በኢኮኖሚክስ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ የያዘ አሳብ መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው፤ ይኸውም አንድ ተጨማሪ የሥራ ቀን በአንዱ ማሳ የሚያስገኘው በሌላው ከሚያስገኘው ጋር እስኪተካከል ድረስ ጉልበትን ማከፋፈል ማለት ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን በጂኦግራፊ ከጨረስሁ በኋላ፥ ስሙን ልተወውና፥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ለኢኮኖሚክስ ማስተርስ ገባሁ። ዘመዶቼ ማርና የደረቀ ዓሣ ሸጠው ለመንገዴ አዋጥተውልኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ያንኑ የእናቴን አሳብ በሰሌዳው ላይ በላግራንዥ ዘዴ ጻፉት። እኔ የእናቴ አሳብ መሆኑን ማወቅ ቀርቶ የተጻፈው ምን እንደ ሆነ አልገባኝም። «ከጋምቤላ የመጣው አልቻለም» እንዳልባል ፈርቼ ለመጠየቅ አፈርሁ። ዓመቱን በሙሉ ዝም አልሁ፤ በዓመቱ መጨረሻም ወጣሁ።

ዛሬ የሚቆጨኝ መውደቄ አይደለም። ከአጠገቤ ይቀመጥ የነበረው የኢታንግ ልጅ፥ ኑዌር ነው፥ በሒሳብ የተመረቀ ስለ ነበረ ቀመሩን ሁሉ ይፈታል፤ ነገር ግን «የዚህ ውጤት ትርጉም ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዕሩ ይቆማል። ከፊታችን የምትቀመጠው ደግሞ ከአቦቦ የመጣች ናት፤ ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሠፈሩ ናቸው። እርሷ የእርሻን ኑሮ ታውቃለች፤ ስታቲስቲክስ ግን ያስጨንቃት ነበር። አንዱ የጎደለው በሌላው እጅ ሳለ ሦስታችንም ዓመቱን ሙሉ እንደ ባዕድ ተቀምጠን አሳለፍነው። በአገር ቤት በእኛና በኑዌሮች መካከል ስለ ነበረው ቅሬታ ታውቃላችሁ፤ ማትሪክስን በኋላ ያስተማረኝ ግን ያው ኑዌር ነው። የተመለስሁበት ዓመት በሳምንት ሦስት ማታ አብረን እየተቀመጥን አለፈ።

በእነዚያ ማታዎች ያገኘነውን ልንገራችሁ። በአኝዋ ዘንድ ጥሎሽ የሚሰጠው ድሙይ በሚባል ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ ነበር፤ እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድም በ1940 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸውም ሁሉ እንዲሁ) ባወጡት ጥናት ጽፈውታል። አዲስ ድሙይ ከየትም አይመጣም። ያለው ብቻ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ እኅት ስታገባ የመጣው ወንድሟ የሚያገባበት ይሆናል። እኔ ይህን ለጨዋታ ስናገር የኢታንጉ ጓደኛዬ ብድግ ብሎ የኧርቪንግ ፊሸርን የ1911 ቀመር ጻፈ፤ የገንዘብ ብዛት በዝውውሩ ፍጥነት ሲባዛ፥ የግብይቱ ብዛት በዋጋ ከተባዛው ጋር ይተካከላል። ገንዘቡ ድሙይ፥ ግብይቱ ጋብቻ፥ ዋጋውም ለአንዲት ሙሽራ የሚቈጠረው ዶቃ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ ሲበዛና ዶቃው ሳይጨምር ምን ይሆናል? ወይ ዶቃው ፈጥኖ ይዞራል፥ ወይም ለአንዲት ሙሽራ የሚጠየቀው ይቀንሳል። ሽማግሌዎች አንቀንስም ያሉ እንደ ሆነ ደግሞ ዕዳ ይበዛል፥ ጐበዛዝትም ሳያገቡ ይቆያሉ። ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል ያለበት ቀመር አላስፈራኝም።

የአቦቦዋ እኅታችንም የራሷ ጥያቄ ነበራት። አያቷ በወሎው ረኃብ ጊዜ ስለ ነበረው ገበያ ያወሩላት ነበር። አማርትያ ሴን በ1981 በታተመው ስለ ድህነትና ረኃብ በጻፉት መጽሐፋቸው ውስጥ በ1973 ሰው በወሎ ሲያልቅ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፥ እንዲያውም እህል ከወሎ ይወጣ እንደ ነበረ አሳይተዋል። ገበሬው ምርቱን ሲያጣ መግዣውንም አብሮ ስላጣ ገበያው ሊጠራለት አልቻለም። ይህን ባነበበች ጊዜ ስታቲስቲክስ ለምን እንደሚያስፈልጋት የሚነግራት ሰው አልፈለገችም።

ነገር ግን እንዳታስቱብኝ እለምናችኋለሁ። «እናቴ ሳትማር ታውቀዋለች» ብሎ መጽናናት ፈተና አያሳልፍም። በ2023 የተጀመረው አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የቁጥር ችሎታን ይመዝናል፤ ከገባችሁ በኋላም የሚጠብቃችሁ ከዚያ የከበደ ነው። ጽሕፈት ቤቱ በናይሮቢ የሆነው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ጥናት ኅብረት በ1993 ለጀመረው የጋራ የማስተርስ ትምህርት፥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ለተካፈለበት፥ መሠረት የተደረጉት ኮርሶች ማይክሮ፥ ማክሮና የቁጥር ስልት ናቸው። ሦስተኛው ራሱ ሒሳብ ነው፤ ሁለቱም ያለ ሒሳብ አይራመዱም። ስለዚህ ካልኩለስን፥ ማትሪክስንና ፕሮባቢሊቲን ከመግባታችሁ በፊት ያዙ። አልፋ ቺያንግ በ1967 መጀመሪያ ያሳተሙትን የሒሳብ ኢኮኖሚክስ መጽሐፍ እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤው ነበር፤ ማንበቡ አልረዳኝም። የረዳኝ መልመጃውን በእርሳስ መሥራት፥ መሳሳት፥ ማጥፋትና እንደገና መሥራት ነው።

ኢኮኖሚስት የሚወጣው ከትልቅ ከተማ ልጅ ብቻ ነው የሚል ካለ፥ ዶክተር እሸቱ ጮሌ የተወለዱት በነገሌ ቦረና መሆኑን አስታውሳለሁ። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ክቡራን መምህራንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ወደ ማስተርስ የሚገቡላችሁ ከጂኦግራፊ፥ ከእርሻ፥ ከሒሳብና ከአካውንቲንግ የመጡ ናቸው። ሁሉም ከአንድ መነሻ መስመር ላይ እንደ ቆሙ አትቁጠሩ። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ስድስት ሳምንት የሒሳብ ማጠናከሪያ ቢሰጥ፥ መግባቱም ውርደት ሆኖ እንዳይታይ ሁሉም ቢገባበት፥ እኔ ያጠፋሁትን ዓመት ሌላው አያጠፋውም ነበር። በክፍልም ዝም ያለ ተማሪ ባያችሁ ጊዜ ገብቶታል ብላችሁ አትለፉት።

እስከዚያው ድረስ እኛው እንጀምር። ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ ከምሽቱ በአንድ ሰዓት በማኅበሩ ክፍል እገኛለሁ። ካልኩለስ የምታውቁም የማታውቁም ኑ፤ ቢያንስ አንድ ያልገባችሁን ነገር ጽፋችሁ፥ እርሳስና ላጲስም ይዛችሁ። ሰሌዳ አለ፤ ጠመኔ ግን ከየት እንደሚመጣ ከጸሐፊው ጋር ገና አልተስማማንም።