ስለ ጽዋ ማኅበርና ስለ ምእመናን ተራ
(በቤተ ክርስቲያናችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል)



የቤተ ክርስቲያናችንን 50ኛ ዓመት በምናከብርበት በዚህ ቀን ስለ ሕንጻው፣ ስለ ጉልላቱና ስለ ንዋየ ቅድሳቱ ብዙ መልካም ነገር ተነግሯል፤ የሚገባም ነው። እኔ ግን እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ከዚህ ሁሉ ያነሰውን ነገር መረጥሁ፤ ይኸውም በየቤታችን የሚሰበሰበው ጽዋ ማኅበር ነው። አንዳንድ ሰዎች ማኅበሩን የመብልና የመጠጥ ቀጠሮ ብቻ አድርገው ሲቈጥሩት እሰማለሁ። በእኔ አሳብ ግን ጽዋ ማኅበር ምእመን ሁሉ በአምልኮ ሥራ ተራውን የሚያገኝበት ቦታ ነው፤ ይህም ተራ በእጃችን ሳለ እየጠፋብን ነው።

የክርስቲያን ጉባኤ ሲጀመር ሕንጻ አልነበረውም። በአቂላና በጵርስቅላ ቤት፣ በፊልሞናም ቤት ቤተ ክርስቲያን እንደ ነበረች ሐዋርያው ጳውሎስ በመልእክቶቹ ጽፏል። ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍም፣ በተሰበሰቡ ጊዜ አንዱ መዝሙር፣ አንዱ ትምህርት፣ ሌላውም የተገለጠለትን ይዞ እንደሚመጣ ያመለክታል፤ ሁሉም በሥርዓትና ለማነጽ እንዲሆን ያዝዛል። እንግዲህ ሥርዓት ማለት ከአንዱ በቀር ሌላው ሁሉ ዝም ይበል ማለት አይደለም።

ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሮም ሳለ፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ155 ዓ.ም. ገደማ፣ ክርስቲያኖች በእሑድ ቀን ምን እንደሚያደርጉ ለንጉሠ ነገሥቱ ለአንጦኒኖስ ፒዮስ ጽፎለታል። መጻሕፍት ይነበባሉ፤ አለቃው ያስተምራል፤ ሁሉም ተነሥተው ይጸልያሉ፤ በኅብስቱና በወይኑ ላይ ምስጋና ከደረሰ በኋላ ሕዝቡ አሜን ይላል። ዮስጢኖስ ይህችን ቃል ሳይተረጕማት አላለፈም፤ ይሁን ማለት እንደ ሆነች ለንጉሡ ነግሮታል። ላልመጡት ዲያቆናት ቍርባኑን ይወስዱላቸው ነበር፤ ከገንዘቡም ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይሰጥ ነበር።

እንዲህ ያለው ጉባኤ የተሰበሰበበት አንድ ቤት እስከ ዘመናችን ደርሷል። ዛሬ ሶርያ በሚባለው አገር፣ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር በነበረችው በዱራ ኤውሮጶስ ከተማ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኤውሮፓ አቈጣጠር የጥንት ሥራ መርማሪዎች ሲቈፍሩ አገኙት። አንድ ተራ መኖሪያ ቤት ነው። በሁለት ክፍሎች መካከል የነበረው ግድግዳ ፈርሶ ከ60 የሚበልጡ ሰዎችን የሚይዝ አዳራሽ ሆኖአል፤ ሌላው ክፍል የጥምቀት ቤት ነበር። ፋርሶች ከተማዪቱን በከበቡ ጊዜ፣ በ256 ዓ.ም. ገደማ፣ ሰዎቹ ቅጥሩን ለማጠንከር ቤቱን በአፈር ስለ ሞሉት ሳይጠፋ ቀረ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ የሰፈራችን ሴቶች ማኅበር ነው፤ ለማኅበሩ ቀን መጋረጃ ገልጠው ሁለቱን ክፍል አንድ ሲያደርጉ ስንት ጊዜ አይተናል!

የእኛን ሥርዓት ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ከወሩ ቀናት በአንዱ፣ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በእመቤታችን፣ በ23 በጊዮርጊስ ወይም በ29 በበዓለ ወልድ፣ ማኅበርተኞች በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ዳቦው ይቈረሳል፤ ጠላው ይቀዳል፤ የማኅበሩ ሙሴ ሥርዓቱን ይጠብቃል። የታመመ ይጠየቃል፤ የተጣላ ይታረቃል። በመጨረሻም ጽዋው በእልልታ ወደሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። ጽዋውን ሲቀበል ባለጸጋውም ድሃውም እኩል ይነሣል፤ የጽዋው ትርጕም ዋናው ይህ ይመስለኛል። ለዚያ ቀን ጠላ የጠመቀችው፣ ዳቦ የጋገረችው፣ ቤት የጠረገችው ሴት ድካሟ አምልኮ አይደለም የሚል ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አልስማማም።

በቅዳሴም ቢሆን ሕዝብ ተመልካች አይደለም። ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ሲቀድሱ የሕዝቡ መልስ በመጽሐፉ ተጽፎ የተለየ ስፍራ አለው። ዛሬ ግን የድምፅ ማጉያው ስለ እኛ ይመልስልናልና አፋችንን ይዘን እንቆማለን። በአማርኛም በሚቀደስበት ዘመን የግዕዙን አለማወቅ ምክንያት ማድረግ አይበቃም። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ስንቶቹ በኪራይ አዳራሽ፣ በጥቂት ሰዎች ጀምረዋል! ሰው ባነሰበት ቦታ ዝም የሚል ሰው ጉድለቱ ወዲያው ይታወቃል።

ወደ ዋናው ጕዳይ ልመለስ። በማኅበራችን ላይ የመጣው ክፉ ነገር የድግስ ፉክክር ነው። አንዱ ሁለት ዓይነት ወጥ ቢያቀርብ የሚቀጥለው አራት ያቀርባል፤ ከዚያም ወዲህ በግ ይታረዳል። ከዚህ በኋላ ተራዋ የደረሰ መበለት ምን ታድርግ? አንድ ወር ታምሜአለሁ ትላለች፤ በሁለተኛው ወር እንግዳ አለብኝ ትላለች፤ በሦስተኛው ከማኅበሩ ትቀራለች፤ እኛም ሰነፈች እንላታለን። ሐዋርያው የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጸው በዚሁ ነገር ነበር፤ አንዱ ሲራብ ሌላው እስኪሰክር ይጠጣ ነበርና፣ የሌላቸውን ያሳፍሩ ነበርና። እኛ በድግሳችን የምናሳፍረው እንግዳን አይደለም፤ የጽዋችንን ተካፋይ ነው።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤውና ለየማኅበሩ ሙሴዎች ይህን አሳብ አቀርባለሁ። የማኅበር ማዕድ ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ብቻ ይሁን፤ ባለጸጋውም ከዚህ አይለፍ። የተረፈውን ሊሰጥ የሚወድ ለነዳያን ይስጥ። አቅም ያነሰው ተረኛ ቢኖር ማኅበርተኞች እህሉን አስቀድመው፣ ሰው ሳያይ፣ ወደ ቤቱ ያድርሱለት፤ ጽዋው ግን በእርሱ ቤት ይዋል። ንባቡንም ፊደል የቈጠረ ልጅ ያንብበው፤ አባቶቻችን ካህናትም፣ በይቅርታችሁ፣ ትምህርቱን አሳጥራችሁ ለጠያቂ ጊዜ ተዉለት፤ በቤተ መቅደስ ሊጠይቅ የሚያፍር ሰው በማዕድ ዙሪያ ይጠይቃልና።

የፊታችን ወር የእመቤታችን ማኅበር ተረኛ እኔ ነኝ። ንፍሮው የባቄላና የስንዴ ይሆናል፤ ሌላ ነገር አይቀርብም። ከማኅበሩ የቀሩትን እኅቶችና ወንድሞች በዚህ ሳምንት ከሙሴው ጋር ሆነን በየቤታቸው ሄደን እንጠራቸዋለን።