ርዳታ ሲቋረጥ የገጠር ውሃ ሥራ በምን ይቀጥላል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው የአሜሪካ መንግሥት በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የውጭ ርዳታውን አግዷል፤ የልማት ድርጅቱ ዩ.ኤስ.ኤይድም በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ቀን ተዘግቷል። በዚህ ገንዘብ ይታገዙ የነበሩ የአካባቢ ሥራዎች ምትክ ይፈልጋሉ።

ሌላ ለጋሽ መፈለግ ነውር የለበትም። በ1998 ዓ.ም. ለጋሽ አገሮች ለመንግሥት በጀት በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን ድጎማ ሲያቋርጡ፣ በዚያው ዓመት የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ተቋቁሞ ገንዘቡ በክልሎች በኩል ለወረዳዎች ደርሷል። ይሁን እንጂ የተለወጠው የገንዘቡ መንገድ ነበር፤ ምንጩ ያው ውጭ አገር ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ወጪውን መለየት ይገባናል። አንድ የውሃ ተቋም ሦስት ወጪ አለው፤ ይኸውም የግንባታ፣ የዕለት ተዕለት እንክብካቤና የከባድ ጥገና ነው። ግንባታውን የክልልና የወረዳ በጀት ሊሸከመው ይገባል። እንክብካቤውን የመንደሩ ሕዝብ በመዋጮ ሊችለው ይችላል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በፊንላንድ ድጋፍ የተሠራበት ዘዴ ለዚህ ምስክር ነው፤ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለውሃ ኮሚቴው ይደርስ፣ ኮሚቴው ራሱ ዕቃ ይገዛና ግንበኛ ይቀጥር ነበር። ለጥገና የሚሆነውንም ገንዘብ ሕዝቡ ይቆጥብ ነበር።

ባለቤት የሚያጣው ሦስተኛው ወጪ ነው። ፓምፑ ፈጽሞ ሲሰበር የአንድ መንደር ቁጠባ አይበቃውም፤ እናቶችም እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ስለሆነም የአንድ ወረዳ ኮሚቴዎች ከየቁጠባቸው ጥቂት ጥቂት አዋጥተው፣ ወረዳውም ከበጀቱ ጨምሮበት፣ የጋራ የከባድ ጥገና ገንዘብ እንዲያቋቁሙ አሳብ አቀርባለሁ።

የእኛም የሙያ ድርሻ አለበት። በስበት የሚወርድ ምንጭ ነዳጅ አይጠይቅም። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ውሃ ያወጣል፤ የሚያልቁ ዕቃዎቹንም የሠለጠነ የመንደር ሰው ይለውጣቸዋል። ባለ ጄኔሬተር ጥልቅ ጉድጓድ ግን በየቀኑ ናፍጣ ይሻል። በቆላው አገር ከእርሱ በቀር ምርጫ ላይኖር ይችላል፤ በዚያ ስፍራ ማንቀሳቀሻውም ጭምር በክልሉ በጀት መያዝ አለበት። ሌላ ምርጫ ባለበት ግን በንድፍ ወረቀት ላይ የምናሰፍረው መስመር ለመንደሩ የዘለዓለም ዕዳ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ከእንግዲህ ማናቸውም ንድፍ ከግንባታው ዋጋ ጋር የዓመት ጥገናውን ዋጋና የከፋዩን ማንነት ሳይገልጽ ለፊርማ አይቅረብ።